ሳምንቱ ማክሰኞ ቢጀምርስ?

ጥያቄ፦ «በካሉ ወረዳ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት የ2ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ከኮሌጅ ወጥቼ ማስተማር ከጀመርሁ ይህ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በክፍሌ 63 ተማሪዎች አሉ፤ ሁሉንም ትምህርት የማስተምራቸው እኔው ነኝ። ሰኞ ሰኞ ባቲ ስለሚገበይ ከሠላሳ ብዙም የማይበልጡ ልጆች ብቻ ይመጣሉ። ዓርብ ደግሞ ወንዶቹ ከአባቶቻቸው ጋር ለጁምዓ ስለሚሄዱ ክፍሉ ከረፋዱ ጀምሮ ይሳሳል። ሰኞ አዲስ ትምህርት እጀምራለሁ፤ ማክሰኞ ለቀሩት እደግመዋለሁ፤ ረቡዕና ሐሙስ ያመለጠኝን ለመድረስ እሮጣለሁ፤ ዓርብ ስጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ የሳምንቱን ትምህርት አልያዙትም። ርዕሰ መምህሩ ከዕቅድሽ ወደ ኋላ ቀርተሻል ይሉኛል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ደግሞ ሰኞ የሚቀሩትን ማክሰኞ ጠዋት ውጭ አቁሚያቸው፣ ያኔ ይለምዳሉ ሲሉ ይመክሩኛል። የአንድ ሳምንት ትምህርት እንዲህ ላለ ክፍል እንዴት ይደራጃል?»

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣

ጥያቄዎን ስለ አንድ ሳምንት አድርገው ማቅረብዎ ሥራውን በግማሽ አቃልሎታል። የዓመቱን ይዘት የሚወስኑት ሥርዓተ ትምህርቱና የመማሪያ መጽሐፉ ናቸው፤ አንዲት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ደግሞ አንድ ልጅ አንድን ነገር መያዝ አለመያዙ የሚታወቅባት አይደለችም፤ እጅግ አጭር ናት። በሁለቱ መካከል ያለውና መምህሩ በእውነት ሊያዝዝበት የሚችለው ጊዜ ሳምንት ነው። የእርስዎ ችግር የመነጨው ከልጆቹ ስንፍና ወይም ከእርስዎ ልምድ ማነስ አይመስለኝም። የሳምንቱን ዕቅድ የሚሞሉበት ቅጽ አምስቱን ቀናት በእኩል ስፋት ስለሚያሰምራቸው ነው። በእርስዎ ክፍል ሰኞ ግማሽ ቀን ነው፤ ዓርብ ከቀትር በፊት የሚያልቅ ቀን ነው፤ ሙሉ ቀን የሚባሉት ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የምመክርዎ አዲስ ትምህርት ማክሰኞ እንዲጀምሩ፣ ሐሙስ እንዲያበቁ፣ ዓርብ ጠዋት እንዲጠይቁ፣ ሰኞ ደግሞ እንዲከልሱ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማሳየት ነው።

ዕቅዱን ከመቀየርዎ በፊት ግን የስም መጥሪያዎን ይዘው አንድ ምሽት ይቀመጡ። ያለፉትን ሁለት ወራት ሰኞዎች ብቻ ለይተው እያንዳንዱ ልጅ ስንት ሰኞ እንደቀረ ይቁጠሩ። «ግማሹ ይቀራል» የሚለው አነጋገር በጣም የተለያዩ ልጆችን በአንድነት ይሸፍናል። እናታቸው ገበያ ስትወርድ ሕፃን የሚይዙ ልጃገረዶችና በአባታቸው ፈንታ ከብት የሚጠብቁ ወንዶች ዘወትር ሰኞ ይቀራሉ። ከወንድም ወይም ከእኅት ጋር እየተፈራረቁ አንዱን ሰኞ መጥተው ሌላውን የሚቀሩም ይኖራሉ። ከእነዚህ ሌላ ማንም ሳይልካቸው የሚቀሩ ልጆች መኖራቸውን ስም መጥሪያው ያሳይዎታል፤ እነዚህን የፈጠረው ገበያው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ነው። ሰኞ የተሰጠው ትምህርት ማክሰኞ ከሀ እስከ ፐ የሚደገም ከሆነ፣ ሰኞ መምጣት ምንም እንደማይጠቅም ልጁ ራሱ አስቦ ይደርስበታል፤ በስሌቱም አልተሳሳተም። የሰኞን ሥራ ከማክሰኞው የተለየ ማድረግ የመጀመሪያ ጥቅሙ እነዚህን ልጆች መመለሱ ነው።

የባቲ ገበያን ለማሸነፍ አይሞክሩ። ከደጋው የሚወርደው እህል ከአፋር ቆላ ከሚመጣው ግመል፣ ፍየልና ጨው ጋር የሚገናኝበት፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገበያይበት ይህ ገበያ ከትምህርት ቤትዎ በዕድሜ እጅግ ይበልጣል። ቤተሰቡ የሳምንቱን ዘይትና ጨው፣ የልጁንም ደብተር መግዣ የሚያገኘው ከዚያው ነው። ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ቆሞ ስለ ቀሪዎች መውቀስ ደግሞ የመጡትን ልጆች ብቻ የሚያሳፍር፣ የቀሩትን የማይደርስ ወቀሳ ነው።

እንግዲህ ሰኞን እንየው። ሠላሳ ልጆች ያሉበት ክፍል ለእርስዎ ከሳምንቱ ሁሉ የተሻለው ዕድል ነው። ከ63 ልጆች እያንዳንዱን ለየብቻ ሲያነብ መስማት በአንድ ክፍለ ጊዜ አይቻልም፤ ሠላሳውን ግን ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ሰጥተው በአንድ ክፍለ ጊዜ ሰምተው ይጨርሳሉ። ሌሎቹ ባለፈው ሳምንት የተማሩትን አጭር ምንባብ በጥንድ ሆነው እየተነባበቡ፣ ከምንባቡ ውስጥ የመረጧቸውን ቃላት እየጻፉ ሲቆዩ፣ እርስዎ በየመቀመጫው እየዞሩ ወይም አንድ አንዱን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ እየጠሩ ይስሙ። ሲሰሙም በየቃሉ ላይ እርማት መስጠቱን ትተው ልጁ የተደናቀፈበትን ፊደል ብቻ በማስታወሻ ይያዙ። የቀጣዩ ማክሰኞ ትምህርት ከምን መነሣት እንዳለበት የሚነግርዎ ይህ ማስታወሻ ነው። በሒሳብም እንዲሁ ያድርጉ፤ ባለፈው ሳምንት በትምህርት የታየውን ዓይነት ስሌት በአዲስ ቁጥር ይስጡና ማን በጣቱ እንደሚቆጥር፣ ማን በቃሉ እንደሚያውቅ፣ ማን ከጎረቤቱ እንደሚቀዳ ይመልከቱ።

ሆኖም እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ ብዙ መምህራን ሰኞን በዚህ መንገድ ካስተካከሉ በኋላ የሚዘነጉት ይህን ነው። ሰኞ የሚመጡት ልጆች በየሳምንቱ በግል የሚደመጡ ከሆነ፣ ሰኞ የሚቀሩት ልጆች ትምህርቱም ያመልጣቸዋል፤ የመምህርታቸው ጆሮም ያመልጣቸዋል። ስለዚህ ዘወትር ሰኞ የሚቀሩትን ልጆች ስም ለብቻው ጽፈው፣ ረቡዕና ሐሙስ ሌሎቹ በሚጽፉበት ሰዓት በየቀኑ ስምንት ወይም አሥር የሚሆኑትን ይስሟቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ይዳረሳሉ።

አሁን ወደ ሦስቱ ሙሉ ቀናት ልግባ፤ ከአማርኛ ንባብ እጀምራለሁ። በ2ኛ ክፍል ከንባብ የሚቀድም ነገር የለምና ሰፋ አድርጌ ብጽፍበት ይቅር እንደሚሉኝ አምናለሁ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተካሄደው የንባብ ምዘና ከተሰጣቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ያልቻሉ ብዙ ልጆች በየክፍሉ መኖራቸውን አሳይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመማሪያ መጻሕፍቱ ተሻሽለዋል፤ የእርስዎ ማስታወሻም ከዚያው ዓይነት ልጆችን ሳያገኝ አይቀርም። እነዚህ ልጆች ፊደል አያውቁም ማለት አይደለም። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያሉ ገበታውን በዜማ ከላይ እስከ ታች ይወርዱታል። ነገር ግን ከመካከል «ሚ»ን ወይም «ጡ»ን ነጥለው ቢያሳዩአቸው፣ ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥተው እየቆጠሩ ካልደረሱባት አይለይዋትም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል የሸመደደ ልጅ ያነበበ ቢመስልም ያንጎራጎረው ዜማ ብቻ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱን የድሮ መምህራን ያውቁት ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀ ሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ የሚሰጠው ቅደም ተከተሉን በማፍረስ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ሲል ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚለወጥ ዜማው ሊሸፍነው አይችልም። በቁርኣን ቤትም ልጁ በሉሑ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ለሼኹ ካላሰማ ሉሑ ታጥቦ ቀጣዩ አይጻፍለትም። የኔታም ሼኹም ቀጣዩን የሚሰጡት የቀደመውን ከሰሙ በኋላ ነው፤ የትምህርቱን ፍጥነት የሚወስነው የልጁ ጆሮና አፍ እንጂ የገጹ ቁጥር አልነበረም። ከእርስዎ 63 ተማሪዎች ውስጥ ከፊሎቹ ዛሬም ጠዋትና ማታ ከእነዚህ ወደ አንዱ ይሄዳሉ ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ አዳምጦ ማሳለፍን እንደ አዲስ ዘዴ ሳይሆን እንደሚያውቁት ነገር ይቀበሉታል። በዱላው ግን እንዳይከተሏቸው አደራ።

በተግባር ሲታይ፣ ማክሰኞ ከሰኞ ማስታወሻዎ የመረጧቸውን አራት ወይም አምስት የሚያደናቅፉ ፊደላት በተዘበራረቀ መልኩ በሰሌዳ ይጻፉና ሁሉም በአንድነት፣ ከዚያም በረድፍ፣ ከዚያም በተናጠል ያንብቧቸው። ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ በትንሽ ጭረት ብቻ ስለሚለያዩ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አያስተዋውቁ፤ አንደኛው ጸንቶ ከያዘ በኋላ ሌላውን ከጎኑ አምጥተው ያነጻጽሩ። ከፊደላቱ ወደ ቃላት፣ ከቃላቱ ወደ ሳምንቱ ምንባብ ይሂዱ። ምንባቡን መጀመሪያ እርስዎ ጣትዎን እያስከተሉ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው፤ ሁለተኛ አብረው ያንብቡ፤ ሦስተኛ እነርሱ ብቻቸውን ያንብቡ። በጽሑፋችን የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ ምልክት ስለሌለው «ዋና» የሚለውን ልጁ በየትኛው ቢያነበው ትክክል የሚሆነው በዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ ዓይነት ቃላት ጋር ሲገናኙ ነጠላ ቃል አያስነብቡ። ረቡዕ ያንኑ ምንባብ በጥንድ ያንብቡት፤ ሐሙስ ከምንባቡ ተነሥተው ሁለት ወይም ሦስት የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። በዚህ ክፍል ልጁ ሠን በሰ ፈንታ ወይም ሐን በሀ ፈንታ ቢጽፍ ነጥብ መቀነሱን አልደግፍም፤ ያሰበውን መጻፉ ይበቃል።

አንድ ምንባብ ለሦስት ቀን ሲበዛ ይሰለቻል የሚል ተቃውሞ ከባልደረቦችዎ ይመጣ ይሆናል። የሚሰለቸው ምንባቡን አስቀድሞ ማንበብ የቻለው አዋቂ ነው። ማክሰኞ እየተንተባተበ ያነበበውን ሐሙስ ሳይቆም ያነበበ ልጅ ፊቱን ሲያዩት መልሱን ያገኙታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍትና መቀመጫ ስለጠፋባቸው ምናልባት የእርስዎም ክፍል ለሦስት አንድ መጽሐፍ የሚካፈል ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ምንባቡን ሰኞ ከሰዓት በትልቅ ወረቀት ጽፈው ግድግዳው ላይ ይስቀሉት። እስከ ዓርብ ድረስ አይነሣ።

በሒሳብ ለአንድ ሳምንት አንድ ሐሳብ ብቻ ይምረጡ። ለምሳሌ ሐሳቡ በመበደር መቀነስ ቢሆን፣ ማክሰኞ ከቁጥሩ በፊት ዕቃው ይቅደም። በእናንተ አገር ከማሽላ አገዳ የቀረበ መሣሪያ አይገኝም። አገዳውን በእጅ ልክ አስቆርጠው አሥር አሥሩን በልጥ ያሳስሩ። 52 ማለት አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ነው። ከዚህ ላይ 27 ይነሣ ሲባል ሁለቱ ነጠላ ለሰባት አይበቁም፤ ልጁ አንዱን እስር በእጁ ፈትቶ አሥራ ሁለት ነጠላ ሲያገኝ፣ «ከአሥር ቤት መበደር» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ በዓይኑ ያያል። ሰባት ሲያነሣ አምስት ይቀረዋል፤ ከቀሩት አራት እስሮች ሁለቱን ሲያነሣ ደግሞ ሁለት ይቀሩታል፤ መልሱ 25 ነው። ረቡዕ በአገዳውም በጽሑፉም ጎን ለጎን ይሥሩት፤ ሐሙስ አገዳው በሳጥኑ ይቀመጥና በጽሑፍ ብቻ ይሞክሩት፤ ያልቻለው ልጅ ግን ሄዶ አገዳውን ማምጣት ሊከለከል አይገባም።

ሰኞ ገበያ የዋሉት ልጆች ጥቅም የሚሰጡዎት እዚህ ላይ ነው። ከእናቱ ጋር ባቲ ወርዶ የተመለሰ የስምንት ዓመት ልጅ ቅናሽ ሲጠየቅ፣ መልስ ሲቆጠር፣ ብር ሲጎድል አይቷል። ማክሰኞ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲጀመር «ምን ሸጣችሁ? ምን ገዛችሁ? በስንት?» ብለው ይጠይቁና እነርሱ የሰጧቸውን ዋጋዎች በሰሌዳ ይጻፉ። «ሃምሳ ብር ሰጥታ የሃያ ሰባት ብር በርበሬ የገዛች እናት መልሷ ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ልጅ በአፉ ይመልሰዋል፤ ያንኑ ቁጥር በቁመት ጽፈው ቢሰጡት ግን ይሳሳታል። ሥራዎ በአፉ የሚያውቀውን ከወረቀቱ ጋር ማገናኘት ነው። ሰኞ የቀረው ልጅ በማክሰኞው ክፍል ይዞት የመጣው ነገር እንዳለ ሲያይ የሚገባውም እንደ ጥፋተኛ ሆኖ አይደለም።

የአካባቢ ሳይንስም ከዚሁ ገበያ ይነሣ። ግመል ከወዴት ይመጣል? ገብስና ባቄላ ከወዴት ይወርዳል? ማንጎና ፓፓያ የት ይበቅላል? እነዚህን ጥያቄዎች ልጆቹ ሲመልሱ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ የሚሉት ስሞች መጽሐፉ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ትርጉም ይይዛሉ። ትምህርት ቤትዎ በሚገኝበት አካባቢ መሬቱ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ አፋር እያዘቀዘቀ ስለሚሄድ፣ ይህን ለማስተማር ከወሎ ሁሉ የእርስዎ ቦታ የተሻለ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ረቡዕ አንድ ክፍለ ጊዜ ልጆቹን ወደ ግቢው አውጥተው ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚታየውን እንዲናገሩ ያድርጉ፤ ሐሙስ የሚታየውን ይሳሉት። የሥነ ጥበቡ ክፍለ ጊዜ በዚሁ ይሸፈናል።

እንግሊዝኛን በሳምንት ከአምስት ወይም ስድስት አዲስ ቃል በላይ አያስተምሩት፤ እነርሱንም በመናገርና በዘፈን ያስተምሯቸው። ግብረ ገብን በተረት ያስተምሩ። የሰውነት ማጎልመሻን ክፍለ ጊዜ ግን ለሒሳብ ማካካሻ ብለው እንዳይወስዱባቸው፤ ይህ ልማድ በየትምህርት ቤቱ ተስፋፍቷል፤ የሚያተርፈውም የደከመ ክፍል ብቻ ነው።

ለምን አዲሱ ሦስት ቀን ብቻ፣ ክለሳው ሁለት ቀን ሆነ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ የሰው ልጅ ያጠናውን ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ፣ ጥናቱ በተለያዩ ቀናት ከተከፋፈለ ግን በአንድ ጊዜ ከታጨቀው የተሻለ እንደሚጸና አሳይቷል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ምርምሮች ይህን አጽንተውታል፤ አንድ ነገርም ጨምረዋል። ለልጁ ደግሞ ደጋግሞ ከማስረዳት ይልቅ መጽሐፉን አስዘግቶ መጠየቅ ይበልጥ ያጸናለታል። እርስዎ እስከ አሁን ማክሰኞ የሚያደርጉት ድግግሞሽ የማስረዳት ድግግሞሽ ነው። ሰኞ የመጣው ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ ሰኞ የቀረው ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል፤ ሁለቱም አልተጠየቁም። በአዲሱ አሠራር ማክሰኞ የተማረውን ረቡዕ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ይጠየቃል፤ ሐሙስም እንዲሁ፤ ዓርብ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ ሰኞ እንደገና ይጠየቃል። በመካከል ያለው ትንሽ መርሳት ራሱ ለሥራው ያስፈልጋል፤ ግድግዳ ሲመረግ ፊተኛው ጭቃ ሳይደርቅ ሁለተኛው እንደማይለሰንበት ሁሉ።

የዓርቡ ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች፣ ወንዶቹ ልጆች ገና ለመውጣት ሳይነሣሡ ይሰጥ። ጠዋትና ከሰዓት በፈረቃ የምታስተምሩ ከሆነና ፈረቃዎ ከሰዓት በሚውልበት ሳምንት ግን ጥያቄውን ወደ ሐሙስ መጨረሻ ይሳቡት፤ ዓርብ ከሰዓት የሚሰጥ ጥያቄ ለግማሹ ክፍል አይደርስም። ሃያ ጥያቄ ያለው ፈተና አያዘጋጁ። ሁለት ከንባብ፣ ሁለት ከሒሳብ፣ አንድ ከአካባቢ ሳይንስ ይበቃል። ወረቀቱንም በነጥብ ከማረም ይልቅ በሦስት ክምር ይለዩት፤ የያዙት፣ የጀመሩት፣ ገና ያልነካቸው። ሦስተኛው ክምር ከክፍሉ ሲሶ የሚበልጥ ከሆነ ጥፋቱ ከትምህርቱ ነውና ያንኑ ሐሳብ በሚቀጥለው ማክሰኞ በሌላ መንገድ ይጀምሩት። ጥቂት ልጆች ብቻ ከሆኑ ግን ክፍሉን አያቁሙት፤ እነርሱን ሰኞ ወይም ረቡዕ በሚሰሙበት ሰዓት ይያዟቸው። ለተከታታይ ምዘና የሚመዘገበውን ነጥብ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይውሰዱ። በየሳምንቱ የሚመዘገብ ከሆነ ልጆቹ መኮረጅ ይጀምራሉ፤ እርስዎም እውነቱን ማየት ይሳንዎታል።

ስለ ቁጥሩ ብዛት አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍል እንዲኖር የታሰበው ከሃምሳ የማይበልጥ ተማሪ ነው፤ የእርስዎ ክፍል ከዚያ በላይ ነው፤ ይህን እርስዎ አልፈጠሩትም። በ63 ልጆች መካከል የቡድን ሥራ መምራት አስቸጋሪ ስለሆነ ከጥንድ ሥራ አይለፉ፤ በአንድ ዴስክ የተቀመጡትን አንዱ የተሻለ አንባቢ እንዲሆን አድርገው ያዛምዷቸው። በአንድ ወቅት በየትምህርት ቤቱ የተዘረጋው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ያበላሸው የልጆቹ መማር ቀርቶ የቅጹ መሞላት ዋና ሥራ መሆኑ ነው። እርስዎ ቅጽ አያስፈልግዎትም፤ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ማወቅ ይበቃዎታል።

ርዕሰ መምህሩን በተመለከተ፣ ዕቅዱን ቀይረው ሲያበቁ ሳይሆን ከመቀየርዎ በፊት ያነጋግሯቸው። ስሞታ ይዘው አይሂዱ። ከስም መጥሪያው ያወጡትን የሰኞ ቁጥርና የአንድ ዓርብ ሦስት ክምር ይዘው ይሂዱ። እርሳቸው ከወረዳው ሱፐርቫይዘር ፊት የሚጠየቁት ስለ ገጽ ነውና ስለ ገጽ ማሰባቸው አይገርምም፤ ስለዚህ የዓመቱ ይዘት እንደማይጎድል፣ ሰኞ ለድግግሞሽ ይባክን የነበረው ጊዜ እንደሚተርፍ፣ ምዕራፎቹ የት የት ሊጣመሩ እንደሚችሉ በወረቀት ያሳይዋቸው። ለአንድ ወር ብቻ እንዲፈቅዱልዎ ይጠይቁ። የሰኞን ትምህርት ወደ ቅዳሜ ማዛወር የሚል ሐሳብ ከተነሣ ግን እርስዎ ብቻዎን እንዳይሸከሙት፤ ያ የመላው ትምህርት ቤትና የወላጆች ጉዳይ ነው።

ከወላጆች ጋር ለመነጋገርም የትምህርት ቤቱ ስብሰባ ብቻውን አይበቃም፤ ለስብሰባ የሚመጡት ልጆቻቸው የማይቀሩባቸው ወላጆች ናቸው። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በጋራ የሚሰበሰብበት ቅሬ የሚባል ዕድር አለ። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱን ይዘው፣ የቅሬው ሰዎች ሲገናኙ አሥር ደቂቃ ቢሰጥዎ ያስፈቅዱ። እዚያም «ልጆቻችሁን በሙሉ ሰኞ ላኩ» ካሉ በአክብሮት ሰምተው ይሸኙዎታል፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። የሚጠይቁት የሚቻለውን ይሁን፤ ከአንድ ቤት ሁለት ልጅ የሚቀር ከሆነ በተራ ይቅር፤ ሕፃን የምትይዘዋ ልጅ ሁልጊዜ አንዷ ብቻ አትሁን፤ ገበያ የማይወርደው ልጅ ደግሞ እቤት አይዋል። ስለ ሴቶቹ ልጆች ሲናገሩ በተለይ አይቸኩሉ፤ በዚህ ላይ የእናቶቹ መልስ ከአባቶቹ የተለየ ይሆናልና እነርሱንም ለብቻቸው ቢያነጋግሩ መልካም ነው።

የማሽላው ወፍ ጥበቃና የአጨዳው ወራት ሲደርስ ማክሰኞና ረቡዕም እንደ ሰኞ እንደሚሳሱ ከአምና ያውቁታል። በእነዚያ ሳምንታት አዲስ ሐሳብ በሁለት ሳምንት አንድ ብቻ ይያዙ፤ ያንን ከአሁኑ በዓመታዊ ዕቅድዎ ላይ ካሰፈሩት በኋላ ወደ ኋላ ቀረሽ የሚልዎ አይኖርም።

ሰኞ የቀሩትን ማክሰኞ ውጭ ስለማቆም የጠየቁኝን ለመጨረሻ ያቆየሁት መልሱ አጭር ስለሆነ ነው። አያቁሟቸው። ሰኞ ከብት ጠብቆ የዋለ ልጅ ማክሰኞ ጠዋት ውጭ ከቆመ የሳምንቱ አዲስ ትምህርት ሲጀመር አልነበረም ማለት ነው፤ ቅጣቱ የሚቀጣው በጥፋቱ ሳይሆን በንባቡ ነው። ከዚያም አልፎ የቀጣዩን ማክሰኞ ፈርቶ ከቤት መቅረት ይጀምራል። በዚህ ፈንታ ማክሰኞ እንደገቡ፣ ስም ከመጠራቱ በፊት ባለው ጊዜ፣ የዴስክ ጓደኛው የሰኞውን ክለሳ ከደብተሩ ያሳየው፤ ጓደኛውም ቀርቶ ከሆነ ከፊት ካለው ዴስክ ይቀበል። ከዚያ ስም ይጥሩና ወደ ገበያው ዋጋ ይግቡ።